የአናስ ክፍል ሙቀት

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ይህን ደብተር የጀመርኩት አያንቱ ስላዘዘችኝ ነው። በሳምንት አንድ ቀን እየመጣች የልጄን ቁስል የምታጥብ ነርስ ናት። በዕድሜ ከእሱ ብዙም አትበልጥም፤ ስትቆጣ ግን የምገባበት ይጠፋኛል። "ጋሽ መሐሙድ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ የአናስን ሙቀት ይለኩ። አጠገቡ የክፍሉንም ይጻፉ" አለችኝ። ዕድሜ ልኬን ሶፋ ሳለብስ ኖሬያለሁ፤ መለካት አያቅተኝም። እንግዳ የሆነብኝ መጻፉ ነው።

ጠዋት፦ አናስ 36.8፣ ክፍሉ 23።
ቀትር፦ አናስ 38.4፣ ክፍሉ 34።
ማታ፦ አናስ 37.3፣ ክፍሉ 27።

ማታ ተመልሳ መጥታ የጻፍኩትን ስታይ "ኢንፌክሽን ቢሆን እንዲህ ቶሎ አይወርድም ነበር" አለች። ባለቤቴ ሙፊዳ ውሃ ልታመጣ ወጣ ስትል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። አከርካሪው ከተጎዳ ወዲህ አናስ ከብብቱ በታች አያልበውም። እኛ ሲሞቀን ላባችን እየደረቀ ያበርደናል፤ እሱ ግን ክፍሉ ሲሞቅ አብሮ ይሞቃል። "አርባ ካለፈ ልናጣው እንችላለን" አለች። ይቺን ለሙፊዳ አልነገርኳትም። ሙፊዳ የዚህን ዓመት የሐዘን ድርሻዋን ጨርሳለች።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ነው የወደቀው። ሆስፒታል ከርሞ ጥቅምት ላይ ቤቱ ገባ። ብርዱን አለፍን ብለን ስናመሰግን ሙቀቱ መጣ። ክፍሉ ባለ ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ወደ ውጭ እንዳናወጣው ግቢው ጥላ የለው፤ ወገቡ ላይ ያለው የመኝታ ቁስል እስኪድን ደግሞ መቀመጥ ተከልክሏል። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ረመዳን ገባ። ቀትር ላይ አናስ 38.6።

መካኒሳ ከሱቄ ጎን ፍሪጅ የሚጠግነውን ኢፋን አማከርኩት። ኤሲ ብዬ ስጀምር ሳቀብኝ። አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ ኤሲ አይሸከምም። "ለአንተ የሚሆንህ እርጥብ ጆንያና ቬንትሌተር ነው" አለ። ነፋስ በእርጥብ ነገር ውስጥ ሲያልፍ ውሃው እየተነነ ነፋሱን ያቀዘቅዘዋል፤ ቆላ የሚወርድ ሾፌር የውሃ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ የሚጠቀልለው ለዚህ ነው አለኝ። ይህን ያህል ገባኝ።

ከዚያ ቀጠለና "ከሁሉ የሚሻለው ግን ጆንያውን ቆርቆሮው ላይ አንጥፎ ማራስ ነው። ሙቀቱ የሚገባው በዚያ ነው። እርጥበቱም ውጭ ይቀርልሃል" አለ።

"ቆርቆሮው ይዝጋል" አልኩት።

"ይዛግ! እኔ ራሴ ወጥቼ አነጥፍልሃለሁ።"

"እኔ ቤት ጣሪያ ላይ ማንም አይወጣም!"

ጮኼ ነው መሰለኝ፣ ደንበኛው ቀና ብሎ አየኝ። ጾሙ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሁልጊዜ ራሴን ያመኛል።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ሠራሁት። ትልቅ የፕላስቲክ በርሜል በሦስት በኩል ቆርጬ ጎኖቹን በጆንያ አለበስኩ። በሁለት ጆንያ መሐል ድሮ ሶፋ የምንሞላበትን ቃጫ ጠቀጠቅኩበት፤ ስፖንጅ ከመጣ ወዲህ የሚፈልገው ጠፍቶ ሱቁ ጥግ ተከምሮ የኖረ ነው። ኢፋ ከየት እንዳገኘው ያልነገረኝን ትንሽ ፓምፕ ሰጠኝ። ፓምፑ ውሃውን ከታች ስቦ ከላይ ያንጠባጥበዋል፤ ቃጫው ይርሳል፤ በአራተኛው ጎን ያለው ቬንትሌተር ነፋሱን በቃጫው ውስጥ እየሳበ ወደ ክፍሉ ይነፋል። ስፌቱን በሶፋ መርፌ ነው የሰፋሁት። ጣቴ ሁለት ቦታ ተበስቷል።

ቀትር ላይ ክፍሉ ከ34 ወደ 27 ወረደ። አናስ 37.2።

አናስ ማሽኑን ከላይ እስከ ታች አየውና "ፋዘር፣ ለእኔ ነው ወይስ ቲማቲም ልታቆይበት ነው?" አለኝ። ሳቅኩ። ሙፊዳም ሳቀች። ለመጨረሻ ጊዜ የሳቀችበትን ቀን ለማስታወስ ሞከርኩና ተውኩት። አልሐምዱሊላህ።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

መብራት ጠፋ፣ ከአምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ። ክፍሉ 35። አናስ 38.9። እርጥብ ፎጣና ካርቶን። የሙፊዳ እጅ ሲዝል እኔ፣ የኔ ሲዝል እሷ። ሱቅ አልሄድኩም። ምራቄን እየዋጥኩ መግሪብ ደረስኩ።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

አምስት ደህና ቀን። ቀትር ላይ ክፍሉ 26፣ 27፣ 27፣ 26፣ 27። አናስ አንዴም 37.5 አላለፈም። ትናንት በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ወሰደው፤ ከወደቀ ወዲህ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው። በሩ ላይ ቆሜ ትንፋሹን ስሰማ ቆየሁ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሙፊዳ የልብስ ማለቅለቂያውን ሁሉ ታስቀምጥልኛለች። ቃጫው መሽተት ሲጀምር በበረኪና አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።

ከጁምዓ ስወጣ ጫማዬን እየፈለግኩ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። "ልጁ የወደቀበት ሰውዬ እሱ ነው" አለ አንዱ። "ራሱ ነው አሉ እኮ..." አለ ሌላው፤ የቀረውን አልሰማሁም። ሰው በጾም እንኳ ምላሱን አይሰበስብም። ጫማዬን ግራና ቀኝ አቀያይሬ አድርጌ ሄድኩ፤ መንገድ ላይ ነው የታወቀኝ።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ከሰዓት በኋላ ዝናብ። ደስ አለኝ፤ የሚቀዘቅዝ መስሎኝ ነበር። ዝናቡ አቁሞ ፀሐይ ስትወጣ ቆርቆሮው መጨስ ጀመረ። ማሽኑን ከፈትኩ። ክፍሉ 30። ጆንያ ቀየርኩ፤ 30። ጎረቤት ለምኜ በረዶ አምጥቼ በርሜሉ ውስጥ ጨመርኩ፤ 29 ገባና ተመልሶ 30። ማሽኑ እንደ ወትሮው ያንጎራጉራል፤ የሚሠራ ይመስላል፤ ምንም አይሠራም። እጄን አንሶላው ላይ ሳሳርፍ ረጠበኝ።

በአልጋው ግርጌ በኩል ጣሪያው ያፈሳል። ሙፊዳ ሳፋ አስቀመጠችና "ይቺን ቀዳዳ ለምን አታስደፍናትም?" አለችኝ።

ጊዜ አላገኘሁም። ለዒድ ሦስት ሶፋ ቃል ገብቻለሁ።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ኢፋ ሙቀትም እርጥበትም የሚያሳይ የግድግዳ መለኪያ ይዞ መጣ። እርጥበቱ 82 ይላል። "የካቲት ላይ ሃያ አምስትም አይሞላም ነበር" አለ። ለምን ማሽኑ እንደሰነፈ ስጠይቀው መልሶ ጠየቀኝ፦ "የጠገበ ስፖንጅ ውሃ ይጠጣል?" በገዛ ሙያዬ መጣብኝ። አየሩ ውሃ ጠግቧል። የጠገበ አየር ከቃጫው ላይ ውሃ አያነሣም፤ ውሃው ካልተነነ ደግሞ ብርድ የለም። በዚህ ላይ እኔ ክፍሉን ዘግቼ እርጥበቱን በእርጥበት ላይ ስከምር ከረምኩ።

ሁለቱም መስኮት ይከፈት አለ፤ በአንዱ የገባው አየር በሌላው እንዲወጣ። መለኪያው ስድሳን ሲያልፍ ፓምፑን አጥፍቼ ቬንትሌተሩን ብቻ ላዙር፤ የልጁን ገላ ደግሞ ጥቂት በጥቂቱ ውሃ ልርጨው። "ላቡ እምቢ ካለ አንተ አልበው" አለኝ። ይህ አነጋገሩ ልቤን ነካው።

በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለና "ጣሪያውን ግን..." ብሎ ጀመረ።

"ኢፋ" አልኩት።

በሩን ከፍቶ ወጣ።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

የኋላውን መስኮት በመዶሻ ከፈትኩት። ቤቱ ከተሠራ ተከፍቶ አያውቅም፤ ቀለሙ አጣብቆታል። እርጥበቱ ከ80 ወደ 58 ወረደ፤ ማሽኑም ነፍስ ዘራ። ክፍሉ 27።

ሙፊዳ ገብታ ዘጋችው። "በሁለት መስኮት መሐል ልጅ ይተኛል? ነፋስ ሊመታው?" አለችኝ። አልፈርድባትም። ታክሲ ውስጥ መስኮት ሲከፈት ቀድሞ የሚጮኸው እኔ ነኝ፤ ላብ ያጠመቀው ተሳፋሪ ሁሉ እየታፈነ ያመሰግነኛል። ከፈትኩት። ዘጋችው። ከፈትኩት።

"ኧረ አንዳችሁ ወስኑ" አለ አናስ፣ "ከነፋሱ በፊት እናንተ ልትጨርሱኝ ነው።"

መጋቢት 21፣ እሑድ

ዒድ። እንግዳ ከጠዋት ጀምሮ አልተቋረጠም። እህቴ ከድጃ ከነቤተሰቧ መጥታለች። ሁሉም የሚቀመጠው አናስ ክፍል ነው፤ እሱም ደስ ብሎታል። ዝናብ ጀመረ። በኋላ እጽፋለሁ።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

39.8።

አያንቱ መጣች። ወረደ። 38.1። ሱቅ አልከፈትኩም።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

የዒድ ዕለት የሆነውን ልጻፍ።

ክፍሉ ውስጥ ከአናስ ሌላ አሥራ አንድ ሰው ነበር። ዝናቡ ሲጀምር ቀዝቃዛ ነፋስ ገባ፤ ከድጃ "ልጁን ብርድ ሊገድለው ነው" አለች። ሙፊዳ መስኮቶቹን ዘጋች። ማሽኑን የሚያጠፋ አልነበረም። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ በመስኮቱ መስታወት ላይ ይወርድ ጀመር። አናስ ጨዋታውን አቆመ። ግንባሩን ስነካው ይፋጃል።

"ምች ነው" አለች ከድጃ፤ "አልብሱት፤ ያልበውና ይለቀዋል።" ብርድ ልብስ ወጣ፤ ጋቢ ተደረበ። ያልበዋል! የማያልበውን ልጅ እንዲያልበው ሸፍነን አሥራ አንዳችንም ዙሪያውን ቆመን ጠበቅን። እኔም ቆሜ ጠበቅኩ።

ለካሁት፤ 39.8። አያንቱ ጋ ደወልኩ። "አሁኑኑ ይግለጡት! መስኮቱን ይክፈቱ፣ ሰዉን ያስወጡ፣ ውሃ ይርጩበት!" ስትል ድምፅዋ ክፍሉ ድረስ ተሰማ። ታክሲ ይዛ እስክትደርስ በቬንትሌተርና በውሃ ስንታገል ቆየን። ከመጣች በኋላም አርባ ደቂቃ ፈጅቶ ነው የወረደው።

ሙፊዳ ጥግ ይዛ "በእጄ ልገድለው ነበር" እያለች ታለቅሳለች። ምንም አላልኳትም።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ከላይ የጻፍኩትን አነበብኩት። ልክ አይደለም።

ሙፊዳ የዘጋችው የግቢውን መስኮት ነው። የኋላውን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ብርድ ልብሱንም ከሳጥን ያወጣሁት እኔ ነኝ። መለኪያው 91 ይል ነበር፤ ስዘጋው አይቼዋለሁ። አያንቱ ያለችው፣ ኢፋ ያለው፣ ሁሉም ትዝ ብሎኛል። ግን ያ ሁሉ ዘመድ ባለበት "ነፋስ አይገድልም" ብዬ መከራከር አሳፈረኝ። ሰው "አባት ነኝ ብሎ ልጁን በነፋስ ያስመታል" እንዳይለኝ ነው። ከልጄ ሕይወት የሰው አፍ በለጠብኝ።

ዛሬ ለሙፊዳ ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝና "አምስት ቀን ሙሉ?" አለችኝ። ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

አያንቱ የቁስሉን ጠርዝ አሳየችኝ፤ ነጥቷል፤ ረጥቧል። "እርጥበቱ ቆዳውን እያላላው ነው። ከሙቀት አድናችሁ በእርጥበት እንዳታበላሹብኝ" አለች። ከዚያ ሙፊዳን አልጋው አጠገብ አስቀምጣ በትዕግሥት አስረዳቻት፤ ላብ ለእኛ የሚሠራልንን ሥራ የሚረጨው ውሃና ነፋሱ ለአናስ እንደሚሠሩለት። ሙፊዳ አንድም ጊዜ አላቋረጠቻትም። አያንቱ ስትወጣ ተነሥታ የኋላውን መስኮት በራሷ እጅ ከፈተችው።

አሁን ሥርዓት አለን። ጠዋት አየሩ ደረቅ ሲሆን ፓምፑ ይሠራል። ከሰዓት በኋላ ቬንትሌተር ብቻ። አናስ ፀጉር አስተካካይ የሚጠቀምበትን መርጫ ይዞ ደረቱንና ክንዱን ራሱ ይረጫል፤ ሆዱንና ጭኑን እኛ፤ ወደ ቁስሉ አንጠጋም። መለኪያውን የሚጠብቀው እሱ ነው፤ የኳስ ጨዋታ በሬዲዮ እንደሚያስተላልፍ ሰው ይጮሃል፦ "ሃምሳ ዘጠኝ... ስድሳ... ስድሳ አንድ ገባ! ፓምፕ ይውጣ!"

ቀትር፦ ክፍሉ 29፣ አናስ 37.6።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ዝናብ፣ ፀሐይ፣ ዝናብ፣ ፀሐይ። ቀትር ላይ ክፍሉ 32፣ እርጥበቱ 76። አናስ 38.5። ብንረጨውም ቶሎ አይደርቅለትም። ወገቤ አልታዘዝ ብሎኛል። በየሁለት ሰዓቱ እናገላብጠዋለን፤ ሙፊዳ አጎንብሳ ቀና ስትል "ያ ረብ" ትላለች፤ እኔም እላለሁ።

ሙቀቱ ከላይ ነው የሚመጣው። ወንበር ላይ ስቆም ቆርቆሮው ፊቴን ይለበልበኛል። አቡጀዲ ገዛሁ። የድሮ ቤት ኮርኒስ አቡጀዲ ነበር፤ ሰፍቼ እወጥረዋለሁ፤ ከላዩ ቀጭን ስፖንጅ አነጥፍበታለሁ። ሥራው ሁሉ ከውስጥ ያልቃል።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ

ጨረስኩ። 32 የነበረው 29 ተኩል ሆነ። ስፌቱ ያምራል፤ በሠላሳ ዓመት ካለበስኳቸው ሶፋዎች እንዲህ የተወጠረ የለም።

አናስ ብዙ አየውና "አሁን ደግሞ ጣሪያውን ሸፈንከው" አለ።

ሙቀቱን ነው የሸፈንኩት አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ኢፋም መጥቶ አየው። "ቀዳዳውን ሳትደፍን ኮርኒስ ሠራህ?" አለኝ። ሳፋውን ከላይ፣ ማገሩ ላይ እንዳሰርኩት ነገርኩት። አየኝና ራሱን ነቀነቀ። ደክሞኛል፤ ሰው ሁሉ የሚያየኝ አስተያየት ራሱ ያደክማል።

ሚያዝያ 19፣ እሑድ

ትናንት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ። ሳፋው ሞልቶ ፈሰሰ፤ አቡጀዲው ሆዱን ነፍቶ ወደ ታች ወረደ። ባልዲ ይዤ ሳልደርስ ስፌቱ ተተረተረ። ያ ሁሉ ውሃ ከነስፖንጁ በአናስ እግርና ወገብ ላይ ተዘረገፈ። ልጄ ውሃው በራሱ ገላ ላይ ሲወርድ እያየ አልተሰማውም። ፋሻው ራሰ፤ ቁስሉ ቆሻሻ ውሃ ገባበት።

አልጋውን ቀይረን፣ አድርቀን፣ ሙፊዳ ልብሱን ይዛ ስትወጣ "አባ" አለኝ። ፋዘር የሚለኝ ሲቀልድ ነው።

"አባ፣ ጣሪያው የጣለው እኔን ነው። አንተ ምን ሆነህ ነው የምትሸሸው?"

ሳፋውን ይዤ ወጣሁ።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

አያንቱ መጣች። ቁስሉ ተመልሶ ተከፍቷል። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ጋሽ መሐሙድ፣ ክፍሉ ሳይረጥብ ካልቀዘቀዘ ግንቦትን እዚህ አያልፈውም። ሆስፒታል ይተኛ" አለች። ቁስሉን ይዞት የመጣው ከሆስፒታል አልጋ ነው፤ አናስ ያን ክፍል ሲያስበው ምግብ አይወርድለትም። ሙፊዳ ሁለታችንንም እያየች "እስከ መቼ ትጠብቂናለሽ?" አለቻት።

"እስከሚቀጥለው ሳምንት" አለች አያንቱ።

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

የታዘዝኩት ሙቀት እንድጽፍ ነው። ይህን ግን ሌላ የምጽፍበት የለኝም።

ያን ጣሪያ የመታሁት እኔ ነኝ፣ አናስ ሳይወለድ። በኋላው በኩል አንድ ማገር ዘለልኩ። እንጨት አልቆብኝ ነበር፤ ነገ እጨምረዋለሁ አልኩ። ያ ነገ ሃያ አራት ዓመት ሆነው።

ባለፈው ግንቦት ክረምቱ ሳይገባ የላላ ሚስማር እንዲመታ አናስን ውጣ አልኩት። "ነገ ጠዋት አደርገዋለሁ" ብሎኝ ነበር። "አሁን! ዝናቡ ሳይቀድመን" አልኩት። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ወደዚያ ቦታ ሲሄድ አየሁት። እዚያ ጋ ከሥር እንጨት እንደሌለ የሚያውቅ ሰው በዚህ ዓለም ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ። ተጠንቀቅ አላልኩትም። ረስቼው ይሁን፣ የገዛ ሥራዬ አሳፍሮኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቆርቆሮው እጥፍ አለ፤ ልጄ ሚዛኑን ስቶ በጠርዙ በኩል ወረደ። ለሐኪሙም፣ ለእናቱም፣ ለሰውም ሁሉ "አንሸራተተው" አልኩ።

አላንሸራተተውም።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ቀትር፦ ክፍሉ 26፣ እርጥበቱ 57፣ አናስ 37።

ወጣሁ። አቡጀዲውን ጠዋት ቀድጄ አወረድኩት። ኢፋ "ልተካህ" ቢለኝ እምቢ አልኩት፤ መሰላሉን ብቻ ያዘልኝ። ዐሥራ ስድስት ጆንያ በገመድ ሰፍቼ አያይዣለሁ። የሰሞኑ ዝናብ ከአሸንዳው ወርዶ ግቢው ውስጥ ያለውን ሌላ በርሜል ሞልቶልናል፤ ሙፊዳ በጀሪካን እየቀዳች ለኢፋ፣ ኢፋ ለእኔ ያቀብላል። አንድ ቆርቆሮ ካትራሜም ይዣለሁ፤ ቀዳዳዋ አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀችም። አሥር ደቂቃ ሥራ ነበረች።

ከጠርዙ አልፌ ወደ መሐል ስሄድ ተንበረከክኩ። በእጅና በእግሬ ቀረሁ። ቆርቆሮው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ፤ የዘለልኩት ማገር የቱ ጋ እንደሆነ ጠፋኝ። ወደፊት ልበል፣ ወደ ኋላ ልመለስ አላውቅም። ኢፋ ከታች "ምን ሆንክ?" ይላል።

ያኔ ከሥሬ፣ ከቆርቆሮው ወዲያ የአናስ ድምፅ መጣ፤ የት እንዳለሁ በቆርቆሮው ኳኳታ ያውቃል።

"አባ፣ አትቸኩል። የሚስማሩን መስመር እየተከተልክ እርገጥ።"

ሚስማሮቹን አየሁ። አንድ እርምጃ ተራመድኩ።

"እንደሱ። አሁን ወደ ግራህ። ሌላ አንድ። ቁም! ከፊትህ ማገር የለም። በላይ በኩል ዙርና እለፍ፤ እዚያ ጋ አንዱን ዘለኸዋል።"

ቆምኩ። "ታውቃለህ?" አልኩት።

"ከጥቅምት ጀምሮ እዚህ ተኝቻለሁ፤ ሌላ ምን ስቆጥር የከረምኩ መሰለህ? አሥራ ሦስት ነው። አሥራ አራት መሆን ነበረበት።"

"አልነገርኩህም" አልኩት። "አናስ፣ አውቅ ነበር። እያወቅኩ አልነገርኩህም።"

ኢፋ መሰላሉን እንደያዘ መሬት መሬት ያያል። ሙፊዳ ጀሪካኑን ታቅፋ ቆማለች፤ ሰምታለች። ሚስማሩ መስመር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያየኛል፤ አላፈርኩም። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

"አባ" አለ በመጨረሻ።

"አቤት።"

"ውሃውን አፍስሰው። ሞቀኝ።"

ጆንያውን ዘረጋሁና አፈሰስኩ።